ገሉ ከየት መጣ? የሰሜን ሸዋን የጥንት ሸክላ ምንጭ በኬሚስትሪ ለመለየት

መንዝ ውስጥ ከጥንት የመቃብር ጉብታ የወጣ ገል አለ። በሸዋ ሮቢት አካባቢ ባሉት ተረተሮች ላይ ከፈረሱት የይፋት ዘመን (የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ሱልጣኔት) የድንጋይ ከተሞች፣ ከኖራ ወይም ከአስበሪ፣ የተገኘ ገልም አለ። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ቅርጻቸውና ጌጣቸው ስለ ዘመናቸው ጥቂት ይነግራችኋል። ጭቃው የት ተቆፈረ ለሚለው ጥያቄ ግን ጌጥ ምስክር አይሆንም። ጌጡን ጎረቤት አይቶ ይሠራዋል፤ አፈሩን ግን ሸክላ ሠሪ ሁሉ ከደጁ ነው የሚቆፍረው።

ይህ መመሪያ ለወረዳ የባህል ባለሙያ፣ ለታሪክና ቅርስ ተማሪ፣ እንዲሁም ድንጋይ ለሚያውቅ ሸክላ ግን ለማያውቅ የጂኦሎጂ ተማሪ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛው ማሽን ይሻላል?» የሚል ነው። መልሴ ጠያቂውን ደስ አያሰኝም። ማሽኑ ገሉ ውስጥ ስንት ብረት፣ ስንት ዚርኮኒየም እንዳለ ይነግራችኋል እንጂ «ይህ የአንኮበር ነው» አይልም። አንኮበር የሚለውን ቃል ወደ ሠንጠረዡ የምታስገቡት እናንተ ናችሁ፤ እሱም የአንኮበርን አፈር አስቀድማችሁ ሰብስባችሁ ከመዘናችሁ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው አብዛኛው ነገር ላብራቶሪ ከመግባት በፊት ያለው ነው።

ከጀርባው ያለው ሐሳብ ቀላል ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 በግልጽ አስቀምጠውታል፦ በሁለት የአፈር ምንጮች መካከል ያለው የኬሚካል ልዩነት በአንዱ ምንጭ ውስጥ ካለው መለዋወጥ የሚበልጥ ከሆነ ምንጭ መለየት ይቻላል። የማይበልጥ ከሆነ የዓለም ውዱ መሣሪያም አያድናችሁም።

መጀመሪያ ፈቃድ

ገል ሜዳ ላይ ተበትኖ ስለሚታይ የማንም አይመስልም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ግን የቅርስ ጥናት ያለ ፈቃድ አይካሄድም። ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሂዱ። ማመልከቻው ላይ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ጻፉ፦ መሰብሰብ፣ ናሙና ለመውሰድ መስበር፣ ወደ ውጭ መላክ። የመጀመሪያው ተፈቀደ ማለት ሁለተኛው ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ ገልን መፍጨት ቅርስን ማጥፋት ነው፤ ትንሽ ቢሆንም ተመልሶ አይገጠምም። ጥያቄያችሁንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «የሰሜን ሸዋን ሸክላ ማጥናት» ጥያቄ አይደለም። «ከዚህ ጉብታ የወጡት ማሰሮዎች እዚያው የተሠሩ ናቸው ወይስ ከቆላ የመጡ?» ጥያቄ ነው።

አገሩን ማንበብ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ገደማ። በመሃል ያለውን ቁልቁለት በጣርማ በር የወረደ ሰው ጥቁሩን ድንጋይ ያውቀዋል። የጂኦሎጂ ሰዎች ለዚህ ባዛልት የሰጡት ስም እንኳ ከቦታው የተወሰደ ነው፤ «የጣርማ በርና መገዘዝ» ብለው ነው የሚጠሩት። እንግዲህ ሥራችንን የሚቻል የሚያደርገው፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሚያከብደው፣ ይህ ድንጋይ ነው።

ከባዛልት የተፈጠረ ሸክላ አፈር በብረት፣ በታይታኒየም፣ በክሮሚየም፣ በኒኬልና በስካንዲየም ይበረታል። የሞረትና ጅሩ መረሬ መሬት ከዚህ ወገን ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ግን ነጣ ያለው፣ ለግንብ የሚጠረበው፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጋገረ ድንጋይ አለ፤ ወደ ምንጃር ሸንኮራ ስትወርዱም የስምጥ ሸለቆው ነጫጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ይበዛሉ። ከእነዚህ የሚወጣ አፈር በክሮሚየምና በኒኬል ድሃ ነው፤ በዚርኮኒየም፣ በኒዮቢየም፣ በሩቢዲየምና በቶሪየም ግን ሀብታም ነው። ሦስተኛው ዓለም የጀማ ሸለቆ ነው። ወንዙ ባዛልቱን ቆርጦ ከሥር ያለውን የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና የአሸዋ ድንጋይ አውጥቶታል። በመርሐቤቴ በኩል የተቆፈረ ጭቃ ካልሲየም ወይም የኳርትዝ አሸዋ ቢበዛበት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ካርታው ላይ ሲታይ ያምራል። መሬት ላይ ግን ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ የመንዝ ባዛልትና የይፋት ቁልቁለት ባዛልት የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ በዋና ዋናዎቹ ንጥረ ነገሮች ብቻ ልዩነታቸውን ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ወንዝ። ክረምት በመጣ ቁጥር የደጋው አፈር ተጠርጎ ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ከወንዝ ዳር የተቆፈረ ጭቃ የደጋ መልክ ሊይዝ ይችላል። ይህን ሳያስብ «ደጋ የተሠራ ዕቃ ቆላ ተገኘ፣ ስለዚህ ንግድ ነበረ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ንግዱን ሳይሆን ጎርፉን ነው ያገኘው።

የማነጻጸሪያ አፈር

ሥራው ሁሉ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለ ሸክላ ሠሪዎች በተለያዩ አገሮች የተደረገ ንጽጽር አብዛኞቹ ጭቃቸውን ከ7 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ሲሶዎቹም ከ1 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት እንደሚያወጡ ያሳያል። ስለዚህ ገሉ የተገኘበትን ቦታ መሃል አድርጋችሁ 7 ኪሎ ሜትር ክብ ሳሉ። ከዚያ በክቡ ውስጥ ያለውን ሸክላ የሚሆን አፈር ሁሉ ፈልጉ።

ፈልጉ ስል በአካፋ አይደለም፤ በመጠየቅ ነው። ዛሬም ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ባሉበት ከእነሱ የተሻለ የአፈር አዋቂ የለም። ቡና ይዛችሁ ሂዱ። «እትዬ» በሉ። ላጠፋችሁባቸው ጊዜ ክፈሉ። አገሩ ሸክላ ሠሪን ለረጅም ዘመን «ቡዳ» እያለ፣ ሥራውን እየገዛ ሰውን ሲያገል ኖሯል፤ ስለዚህ ጉድጓዳቸውን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ባያሳዩ ቅር አይበላችሁ። ሲያሳዩ ደግሞ ቦታውን በስማቸው አትመዝግቡ፤ ቁጥር ስጡት።

የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ለምጣድ የትኛው አፈር ነው? ለጀበናስ? አንዱን ብቻ ነው ወይስ ሁለት ሦስት አፈር ይደባልቃሉ? አሸዋ ይጨምራሉ? የተሰበረ ገል ፈጭተው ይቀላቅላሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ አይደለም። የተፈጨ ገል የሌላ ቦታ አፈር ይዞ ሊገባ ይችላል። ምጣድ እሳት ላይ ውሎ የሚያድር ዕቃ ስለሆነ ጭቃው ከእንስራ ጭቃ ተለይቶ ሊዘጋጅ ይችላል። ስለዚህ ምጣድን ከምጣድ፣ እንስራን ከእንስራ ጋር አነጻጽሩ። ምጣድንና እንስራን ደባልቆ «ሁለት የአፈር ምንጭ አገኘሁ» የሚል ሰው ያገኘው አንዲት ሸክላ ሠሪ ሁለት ዓይነት ሊጥ እንደምታቦካ ሊሆን ይችላል።

ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ቢያንስ ከአምስት ቦታ፣ ከላይኛው ሣር ሥር ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ፣ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ውሰዱ። የሚቻል ከሆነ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት፣ አዝመራው ተነሥቶ በልግ ሳይጥል፣ ሥሩ። በጣም ውዱ ማነጻጸሪያ ግን ጉድጓዱ ሳይሆን የሚተኮስበት ቦታ ነው። እሳት ውስጥ ተሰንጥቆ ወይም ጠሞ የተጣለ ዕቃ ካገኛችሁ፣ እዚያው እንደተሠራ እርግጠኛ የሆናችሁበት፣ አፈሩም ተደባልቆና ተቦክቶ ያለቀ ናሙና አገኛችሁ ማለት ነው። የተበላሸ ማሰሮ ገበያ አይሄድም።

ጥሬ አፈርን እንዳለ ከገል ጋር አታወዳድሩ። ጥሬው ውኃና ብስባሽ አለበት፤ እሳት ያንን ሲያወጣው የቀረው ሁሉ በመጠኑ ከፍ ይላል። አፈሩን አቡክታችሁ ትንንሽ ጡብ አድርጉና 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ተኩሱት። ምድጃ ከሌላችሁ እትዬ ዕቃቸውን ሲተኩሱ አብሮ ይግባ፤ እንዲያውም ይሻላል።

ገሉን መምረጥ

ለአንድ ቡድን 30 ገል ያዙ፤ ከ20 በታች ከሆነ ስታቲስቲክሱ ያነክሳል። ቆንጆ ቆንጆውን ብቻ አትልቀሙ። ጌጥ ያለውንና ከንፈሩን ለሙዚየም ተዉት፤ ለመፍጨት የሆድ ገል ይበቃል። ከአንድ ማሰሮ ሁለት ገል ወስዳችሁ ሁለት ብላችሁ እንዳትቆጥሩ ውፍረትና ቀለም አመሳክሩ። ከመስበራችሁ በፊት ፎቶ፣ ልክ፣ የሥዕል ንድፍ። ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ላስቲክ ውስጥ በረጠበ ወረቀት ላይ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ካለ እኔ አውቃለሁ፤ 11 ገሎች እስከዛሬ ስም የላቸውም።

ከይፋት ከተሞች አብረቅራቂ ሽፋን ያለው ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ስባሪ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ሽፋኑ እርሳስ (ብረቱ) ወይም ቆርቆሮ የተጨመረበት ሊሆን ስለሚችል ልኩ ከውስጡ አካል ላይ ይወሰድ እንጂ ከሽፋኑ ላይ አይሁን። ማሰሮው ውስጥ ምን ይበስል እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ባልደረባ ካላችሁ ደግሞ ጥቂት ገሎች ሳይታጠቡ በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልለው ይቀመጡለት። እሱ ሌላ ሥራ ነው።

ከኬሚስትሪው በፊት ማጉያ መነጽር

አዲስ ስባሪ ጠርዝ ላይ በ10 እጥፍ መነጽር ተመልከቱ። ጥቁር የባዛልት ፍርፋሪ ነው? ብርጭቆ የሚመስል የእሳተ ገሞራ ስብርባሪ? የተሞለሞለ የወንዝ አሸዋ? ኖራ? በዚህ ገሎቹን በቡድን መድቡ። ከየቡድኑ ጥቂት ጥቂቱን ወደ ጂኦሎጂ ላብራቶሪ ወስዳችሁ ስስ ቁራጭ አስቆርጡ፤ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብርሃን ያሳልፋል፣ ማዕድኖቹም በማይክሮስኮፕ በስማቸው ይጠራሉ። ገንዘብ ካጠራችሁና አንዱን ብቻ ምረጡ ከተባልኩ ይህን እመርጣለሁ። ኬሚስትሪ ጭቃውንና አሸዋውን ፈጭቶ አንድ ቁጥር ያደርጋቸዋል፤ ማይክሮስኮፕ ግን ለያይቶ ያሳያችኋል። በኳርትዝ አሸዋ የተሞላ ገል ከመንዝ ባዛልት መሃል ቢወጣ ሠንጠረዥ ሳታዩ ጥያቄ ይዛችኋል።

ዱቄት ማዘጋጀት

ከገሉ የላይኛውን 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር በሁሉም በኩል ፋቁ። ላዩ ላይ የመቃብሩ አፈር፣ ጥላሸት፣ የእጅ ላብ አለ። ምጣድ ከሆነ ደግሞ ሲሟሽ የጠጣው የጎመን ዘር ቅባት አለ። ከዚያ በተጣራ ውኃ አጥባችሁ 105 ዲግሪ ላይ ለ24 ሰዓት አድርቁ፤ ፍጩ።

በምን ትፈጫላችሁ? አጌት ከሚባለው ጠንካራ ድንጋይ በተሠራ ሙቀጫ። የመጀመሪያ ናሙናዎቼን ፈጣን ነው ብዬ በተዋስኩት የቱንግስተን ካርባይድ መፍጫ ነበር ያስፈጨሁት። ውጤቱ ሲመጣ ኮባልቱ ሰማይ ነክቷል። አዲስ የንግድ መስመር ያገኘሁ መስሎኝ አንድ ሳምንት ደስ ብሎኝ ሰነበትሁ፤ ቱንግስተኑም አብሮ መውጣቱን ሳይ ነው ገሉን ሳይሆን መፍጫውን እንደለካሁ የገባኝ፤ ኮባልቱም ቱንግስተኑም የመፍጫው ነበሩ። በናሙናና በናሙና መካከል ንጹሕ ኳርትዝ ፈጭታችሁ ሙቀጫውን አጽዱ። የገሉን ግማሽ ሳትነኩ አስቀምጡ።

የትኛው መሣሪያ

በእጅ የሚያዝ ኤክስ አር ኤፍ (ገሉን በኤክስ ሬይ መትቶ የሚመለሰውን ጨረር የሚያነብ መሣሪያ) በቀላሉ የሚገኘው ነው፤ ገሉንም ሳይፈጩ መለካት ይቻላል። ሩቢዲየም፣ ስትሮንቲየም፣ ኢትሪየም፣ ዚርኮኒየም፣ ኒዮቢየም፣ ብረትና ታይታኒየም ላይ ጥሩ ነው። ሶዲየምን አያይም፤ የላንታነም ቤተሰብን በአብዛኛው አይለይም። የሚያየው ቦታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ አንድ የባዛልት ፍርፋሪ ሥር ብታስቀምጡት ማሰሮውን ሳይሆን ጠጠሩን ይለካል። ስለዚህ ጠፍጣፋ፣ የተፋቀ ገጽ ላይ ቢያንስ ሦስት ቦታ፣ እያንዳንዱን ከ60 እስከ 120 ሰከንድ። ዱቄቱን ጠቅጥቃችሁ እንክብል ካደረጋችሁት ደግሞ እጅግ ይሻላል። የደጋውንና የስምጥ ሸለቆውን አፈር ለመለየት ይህ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

አይ ሲ ፒ ኤም ኤስ (የተሟሟውን ናሙና በጋለ ጋዝ ውስጥ አሳልፎ አቶሞቹን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ) ከ40 በላይ ንጥረ ነገሮችን በጣም በጥቂት መጠን ይለካል። ዱቄቱ መሟሟት አለበት፤ ለዚያም ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያስፈልጋል። ይህ አሲድ ቆዳ አልፎ ከአጥንት ካልሲየም ጋር የሚጣበቅ ነው፤ ሕመሙም ዘግይቶ ሊሰማ ይችላል። ካልሲየም ግሉኮኔት ጄልና የሠለጠነ ሰው በሌለበት ላብራቶሪ አይሠራም፤ አበቃ። ሌላው ችግሩ ዚርኮን የሚባለው ማዕድን በአሲድ በደንብ አለመሟሟቱ ነው፤ ዚርኮኒየምና ሃፍኒየም ከእውነታው አንሰው ይወጣሉ። ለእኛ አካባቢ ዚርኮኒየም ዋና ምስክር ስለሆነ ዱቄቱን በሊቲየም ቦሬት አቅልጦ ማሟሟት ይሻላል።

የኒውትሮን አክቲቬሽን ዘዴ (ዱቄቱን በኒውትሮን መትቶ ከዚያ የሚወጣውን ጨረር መለካት) የሁሉም አባት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሸክላ ላይ ይሞከር የሚለውን ሐሳብ ለኬሚስቶች ያቀረበው የአቶም ቦምቡ ሰው ኦፐንሃይመር ነው። ጥቂት መቶ ሚሊ ግራም ዱቄት ይበቃዋል፤ መሟሟትም አያስፈልገውም። ግን የኑክሌር ሪአክተር ይፈልጋል፤ አገራችን ውስጥ ስለሌለ ዱቄቱ ባሕር መሻገር አለበት።

በየትኛውም ብትሠሩ ከ10 ናሙና አንዱ መጠኑ የታወቀ ማጣቀሻ ይሁን፤ ለምሳሌ ከአሜሪካው የመለኪያ ተቋም የሚመጣው፣ ኤን አይ ኤስ ቲ 679 የሚባለው የጡብ ሸክላ። ከራሳችሁም አንዱን ገል ደጋግማችሁ ስሙን ሳትነግሩ ላኩ። ሁለት ጊዜ ሲለካ ሁለት የተለያየ አገር ካስገኘ ላብራቶሪውን መጠየቅ ትችላላችሁ።

ቁጥሩን ማንበብ

መጀመሪያ የማታምኑትን አውጡ። ፎስፎረስ ከአጥንት፣ ከአመድና ከምግብ ወደ ገል ይገባል፤ ከመቃብር ጉብታ የወጣ ገል ፎስፎረሱ ቢበዛ አይግረማችሁ። ከእርሻ የተለቀመ ገል ደግሞ የዳፕ ማዳበሪያ ሊጠጣ ይችላል። ካልሲየም፣ ባሪየም፣ ስትሮንቲየምና ማንጋኒዝም ከመሬት ውኃ ጋር ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ጨርሳችሁ አትጣሏቸው፤ ግን ውሳኔ በእነሱ ላይ አትመሥርቱ።

ቀጥሎ የአሸዋውን ተንኮል ፍቱ። አንድ አፈር ከሚሊዮን 10 እጅ ቶሪየምና 20 እጅ ስካንዲየም አለው እንበል። ሸክላ ሠሪዋ ከጠቅላላው ሩቡን ንጹሕ የኳርትዝ አሸዋ ብታደርገው ቶሪየሙ 7.5፣ ስካንዲየሙ 15 ይሆናል። ጥሬ ቁጥሩን ያየ ሰው ሌላ አፈር ነው ይላል። አንዱን ለሌላው ብታካፍሉት ግን ከአሸዋው በፊትም በኋላም 0.5 ነው። ስለዚህ በጥሬ ቁጥር ሳይሆን በምጥጥን፣ በሎጋሪዝም ሥሩ።

ከዚያ ወረቀት ላይ ሁለት ሁለቱን ንጥረ ነገሮች ነጥብ በነጥብ ሳሉ፦ ክሮሚየም ከቶሪየም፣ ዚርኮኒየም ከታይታኒየም፣ ኒዮቢየም ከኢትሪየም። ዓይን የማያየውን ቡድን ኮምፒውተር ቢያሳያችሁ ተጠራጠሩ። አር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዋና አካላት ትንተናን (ብዙ ንጥረ ነገሮችን ወደ ጥቂት ቁጥሮች የሚያጠቃልል ስሌት) በደቂቃ ይሠራል፤ ችግሩ ሁልጊዜ መልስ መስጠቱ ነው። የማሃላኖቢስ ርቀት (አንድ ገል ከአንድ ቡድን ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካ ስሌት) የምትጠቀሙ ከሆነ የገሎቹ ቁጥር ከንጥረ ነገሮቹ ቁጥር በብዙ መብለጥ አለበት፤ በ12 ገልና በ30 ንጥረ ነገር አይሞከርም።

ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ

«ከዚህ አይደለም» ማለት «ከዚህ ነው» ከማለት ይቀላል። ዚርኮኒየሙ ከፍ ብሎ ክሮሚየሙ የወደቀ ገል ከባዛልት አፈር መሃል ቢገኝ፣ በ7 ኪሎ ሜትሩ ክብ ውስጥ የሰበሰባችሁት አፈርም ሁሉ ባዛልታዊ ከሆነ፣ «እዚህ ከሰበሰብነው አፈር አልተሠራም» ብላችሁ በልበ ሙሉነት ጻፉ። «የምንጃር ነው» ለማለት ግን የምንጃር አፈር እጃችሁ ላይ መኖር አለበት፤ ቢኖርም ከእሱ ጋር ይስማማል እንጂ ከእሱ ብቻ የመጣ ነው ማለት አይደለም። የስምጥ ሸለቆው ረጅም ነው።

ዕቃ ተሸክሞ መሄዱንና ሰው መሄዱንም ለዩ። ሸክላ ሠሪዋ ራሷ አግብታ ከቆላ ደጋ ብትወጣ እጇ የቆላ፣ አፈሯ የደጋ ይሆናል፤ ኬሚስትሪው የአገር ቤት ነው ይላል፣ ቅርጹ እንግዳ ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በአልዩ አምባ ገበያ መንገድ ላይ ከአሞሌውና ከቡናው ጋር ማን ማሰሮ እንደተሸከመ ለማወቅ ቅርጹንም ኬሚስትሪውንም አንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሲያልቅ ሙሉውን የቁጥር ሠንጠረዥ፣ የማጣቀሻውን ውጤት ጨምሮ፣ ከሪፖርቱ ጋር ለወረዳው ስጡ። እትዬ ዘንድም ተመልሳችሁ የእሳቸው ጉድጓድ ከየትኞቹ ገሎች ጋር እንደገጠመ ንገሯቸው፤ ብዙ ጊዜ ከሠንጠረዡ ውስጥ ስህተት የሚያወጡት እሳቸው ናቸው፤ «ያ ጉድጓድ እኮ ድሮ ዋልካው አልቆ ነው ወደዚህ የዞርነው» ይሏችኋል። የተረፈውን ዱቄት በብርጭቆ ብልቃጥ፣ በውስጡም በውጭም በእርሳስ ቁጥር ጽፋችሁ፣ ከግማሹ ገል ጋር አስቀምጡ። ቀጣዩ ሰው በሌላ መሣሪያ ሊለካው ሲመጣ አዲስ ገል እንዳይሰብር።